መልሱ ለጠያቂው ብቻ አይደለም

በ2010 አንድ የጃቫ ፕሮግራመር ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ለቀረበ ተራ ጥያቄ አጭር መልስ ሰጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄው የፋይልን መጠን ከረጅም የባይት ቁጥር ወደ ኪሎባይትና ሜጋባይት ቀይሮ ሰው በቀላሉ በሚያነበው መልክ ማሳየት የሚቻለው እንዴት ነው የሚል ነበር። የመልሱ ኮድ ከጥቂት መስመር አይበልጥም፤ ሲያዩትም ያምራል። ዓመታት አለፉ። በ2018 ተመራማሪዎች ጊትሀብ ላይ የተከማቹ ፕሮጀክቶችን ከድረ ገጹ መልሶች ጋር ሲያመሳክሩ ያቺ ቁራጭ ኮድ ከጃቫ መልሶች ሁሉ በብዛት የተቀዳች ሆና ተገኘች። ከ6,000 በላይ ፕሮጀክቶች ውስጥ ገብታለች።

ጸሐፊው ይህን ሲሰማ መልሱን እንደገና ፈተሸ፤ ስህተትም አገኘበት። 999,999 ባይት ሲሰጣት ኮዷ 1.0 ሜጋባይት ማለት ሲገባት 1000.0 ኪሎባይት ትላለች። ቁጥሩን ወደ ላይ ስታጠጋጋ መለኪያውን አብራ መቀየር እንዳለባት ዘንግታለች። በ2019 አረማት። ዛሬ ገጹን ለሚከፍት ሰው የታረመው ኮድ አለ፤ የስህተቱም የእርማቱም ታሪክ አብሮ ተቀምጧል። ቀድሞ ገልብጦ የሄደው ግን አልሰማም፤ የሚነግረውም የለም።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት አብዛኛው ሰው ድረ ገጹን የሚያውቀው በመገልበጥ ብቻ ስለሆነ ነው። ኤረሩን ጉግል ላይ ይለጥፋል፣ የመጀመሪያውን ውጤት ይከፍታል፣ አረንጓዴ ምልክት ያለበትን መልስ ኮፒ ያደርጋል፣ ገጹን ይዘጋል። ኩባንያው በ2021 የኤፕሪል ዘ ፉል ቀን ቀልድ ሲያዘጋጅ የኮፒውን ብዛት ቆጥሮ ነበር። አንድ ጥያቄ ከሚከፍቱ አራት ሰዎች አንዱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሆነ ነገር ገልብጦ ይሄዳል። ይህ ነውር አይደለም። ግን ድረ ገጹን ድረ ገጽ ያሰኙት ነገሮች ከኮፒው ቁልፍ በታች ናቸው፤ ብዙ ፕሮግራመሮች ለዓመታት ሲመላለሱበት ኖረው እንኳ አይነኳቸውም። አሁን ደግሞ ድረ ገጹ ራሱ እየቀዘቀዘ ነው። ስለዚህ እነዚህን ያልተነኩ ነገሮች ማወቅ ምን እያጣን እንደሆነ ለመመዘን ይጠቅማል።

ስታክ ኦቨርፍሎው በሴፕቴምበር 2008 ለሕዝብ ሲከፈት መሥራቾቹ ጄፍ አትዉድና ጆኤል ስፖልስኪ አንድ ግልጽ ጠላት ነበራቸው። በዚያን ጊዜ የፕሮግራም ጥያቄ ጉግል ላይ የፈለገ ሰው ኤክስፐርትስ ኤክስቼንጅ የሚባል ገጽ ይገጥመዋል፤ ጥያቄው ይታያል፣ መልሱን ለማየት ግን ክፈል ይባላል። ተራው ፎረም በበኩሉ ነጻ ቢሆንም መልሱ በሃያ ገጽ ወሬ መካከል የተቀበረ ነው። ሁለቱ ሰዎች የሠሩት ነገር በሁለቱም ላይ ያመፀ ነበር። መልስ በነጻ ይታያል፤ ሰላምታ፣ ምስጋናና ጨዋታ ግን ቦታ የላቸውም። የተሻለው መልስ በድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጽሑፉ የሚጻፈው ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ችግር ለሚገጥመው ለማይታወቅ ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚያማርርባቸው ሕጎችም፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቋቸው አገልግሎቶችም ከዚህ አንድ ሐሳብ የተቀዱ ናቸው።

ብዙዎች ከማያውቁት እንጀምር። ጥያቄ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የራስን ጥያቄ ራስ መመለስ የሚቻልበት ምርጫ አለ። ጥያቄውና መልሱ በአንድ ቅጽበት አብረው ይለጠፋሉ። ለአዲስ ሰው ይህ ማጭበርበር ይመስላል፤ በድረ ገጹ ሕግ ግን የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚበረታታ ነው። እንዲያውም የራሱን ጥያቄ መልሶ ሦስት የድጋፍ ድምፅ ላገኘ ሰው የተዘጋጀ ባጅ አለ። ሁለት ሌሊት ፈጅቶ አንድ ችግር የፈታ ሰው ያገኘውን ለራሱ ይዞ ከሚቀር ችግሩን በጥያቄ መልክ፣ መፍትሔውን በመልስ መልክ ያስቀምጣል። የራሱን መልስ ትክክለኛ ብሎ ለመምረጥ ሁለት ቀን መጠበቅ አለበት፤ ለዚያም ነጥብ አያገኝም። ነጥብ ፈላጊ እንዳይጫወትበት ተዘግቷል ማለት ነው።

ስለ ነጥብ ከተነሣ፣ የነጥቡ አሠራር ከሚመስለው በላይ ብልሃት አለው። አንድ የድጋፍ ድምፅ ለጸሐፊው 10 ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ የተቃውሞ ድምፅ 2 ይቀንሳል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው፣ የሌላን ሰው መልስ የተቃወመ ሰው ራሱም አንድ ነጥብ እንደሚከፍል ነው። አንድ ነጥብ ምንም አይደለችም፤ ግን ለመናደድ ብቻ ከመቃወም በፊት እጅን ትይዛለች። ጥያቄን መቃወም በአንጻሩ ከ2011 ጀምሮ ነጻ ሆኗል፤ ምክንያቱም ድረ ገጹ በደካማ ጥያቄ እየተጥለቀለቀ ነበር። በዚህ ላይ የአንድ ቀን የድምፅ ገቢ በ200 ነጥብ ይገደባል። ሰው አንድ ቀን ብልጭ ባለ መልስ ሀብታም እንዳይሆን፣ እየተመላለሰ እንዲሠራ ታስቦ ነው።

ከዚህ የባሰ ድፍረት የሚጠይቅ ወሮታ የሚባል ነገር አለ። ጥያቄው መልስ ያጣበት ሰው ከራሱ ነጥብ ከ50 እስከ 500 ቆርሶ ለሰባት ቀን ያስይዛል። ነጥቡ ገና ወሮታው ሲከፈት ከሒሳቡ ይቆረጣል፤ መልስ ቢመጣም ባይመጣም አይመለስለትም። ወሮታው ለራስ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ብዙዎች አያውቁም። የሌላ ሰው ጥያቄ ላይ ማስያዝ ይቻላል። ከዓመታት በፊት የተጻፈና ማንም ያላመሰገነው ድንቅ መልስ ላገኘ ሰውም ያንን ጸሐፊ በወሮታ መሸለም ተፈቅዷል። 75 ነጥብ ብቻ ያለው ተማሪ ሃምሳውን አስይዞ የሚጠይቀውን ጥያቄ አዋቂዎች ለይተው ያዩታል፤ ወሮታ ያለባቸው ጥያቄዎች የራሳቸው ዝርዝር አላቸውና።

ባጆቹን ብዙ ሰው እንደ ልጆች ጨዋታ ያያቸዋል፤ ከፊሎቹ በእርግጥም ጨዋታ ናቸው። ለአንድ ሳምንት ማንም ያልመለሰው፣ ያልተቸው፣ ብዙም ያላየው ጥያቄ ለጠየቀ ሰው የማጽናኛ ባጅ ይሰጣል፤ ይህን የፈጠረው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት። ግን አንዳንዶቹ የድረ ገጹን ሕሊና ያሳያሉ። ከ60 ቀን በላይ የተረሳ ጥያቄ መልሶ አምስት ድምፅ ላገኘ ሰው የሚሰጥ አለ። አምስት ተቃውሞና ከዚያ በላይ የደረሰበትን ጥያቄ ሃያ ድጋፍ ባገኘ መልስ ለታደገ ሰው የሚሰጥ ደግሞ ወርቅ ነው። የድምፁ ድምር ከዜሮ በታች ሦስት የወረደ ጽሑፉን በገዛ እጁ የሰረዘም ይሸለማል። ከሁሉ የምወደው ጠያቂው የመረጠውን መልስ በድምፅ ከእጥፍ በላይ ለበለጠ መልስ የሚሰጠው የወርቅ ባጅ ነው። ጠያቂው ተሳስቶ ሊሆን እንደሚችል፣ የመጨረሻው ዳኛ አንባቢው እንደሆነ ተቋሙ ራሱ በወርቅ መስክሯል። ይህ ሐሳብ ቀስ እያለ ገጹን ራሱን ለውጦታል። ለብዙ ዓመታት ጠያቂው የመረጠው መልስ ሁልጊዜ አናት ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በ2021 ይህ ቀረ። በ2022 ደግሞ የቅርብ ጊዜ ድምፅን ከድሮው አብልጦ የሚመዝን አደራደር ተጨመረ። በመልሶቹ አናት ላይ ያለችውን የአደራደር ምርጫ ነክቶ የማያውቅ ሰው የ2011ን መልስ ለ2025 ፕሮጀክት ሊገለብጥ ይችላል። የጃቫስክሪፕት ጥያቄ ላይ ይህ ልዩነት የቀን ሥራ ያበላሻል።

የታረመ ጽሑፍ ሁሉ ሥር "ታርሟል" የምትል ቀንና ሰዓት አለች። እሷን ሲጫኑ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ያለፈበት ለውጥ ሁሉ፣ የወጣው በቀይ የገባው በአረንጓዴ፣ ተዘርግቶ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን የጃቫ መልስ እርማት ማየት የሚቻለው በዚህች በር ነው። ነጥቡ አንድ ሺህ የደረሰ ተጠቃሚ የድምፁን ቁጥር ሲጫን ድጋፉና ተቃውሞው ተነጥሎ ይወጣለታል። ሦስት ድጋፍ ብቻ ያለው መልስና ሃያ ድጋፍ ከአሥራ ሰባት ተቃውሞ ጋር ያለው መልስ ሁለቱም "3" ይላሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። አንዱ ብዙ ሰው ያላየው ነው፣ ሌላው ሰው የተጣላበት። ከተጣሉበት መልስ ሥር ያለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ከመልሱ ይበልጣል።

ፍለጋውም እንዲሁ ነው። ቃል ጽፎ ከመፈለግ ይልቅ ታጉን (የጥያቄውን ርዕስ የሚለየውን ቃል) በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገብቶ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ወስኖ፣ መልስ የሌላቸውን ብቻ አውጣ ማለት ይቻላል። ግን እውነተኛው ሀብት ከ2010 ጀምሮ ያለው የዳታ ማሰሻ ነው። ጥያቄዎቹ፣ መልሶቹ፣ አስተያየቶቹ፣ ድምፆቹ በሰንጠረዥ ተቀምጠዋል። ኤስኪውኤል የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ይጠይቃቸዋል፤ መረጃው በየሳምንቱ ይታደሳል። ብዙ ሰው አይቶት መልስ ያጣ ጥያቄ በአንድ ታግ ሥር የትኛው ነው? አንድ ቋንቋ ላይ የሚነሣው ጥያቄ በየዓመቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኤስኪውኤል ልምምድ በሦስት የፈጠራ ተማሪና በሁለት የፈጠራ ኮርስ ከማስተማር በእውነተኛ ሚሊዮኖች ላይ ማስተማር እንዴት በተሻለ!

ጽሑፉ ሁሉ በክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። የጸሐፊውን ስም ጥቀስ፣ ለውጠህ ካሳተምከውም በዚያው ፈቃድ አሳትም ይላል። ይህ ፈቃድ ስላለም ኩባንያው ከ2009 ጀምሮ የጽሑፉን ክምችት በሙሉ ማንም እንዲያወርደው ሲለቅ ኖሯል። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከዚህ ክምችት ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ቅጂ ያዘጋጃል። በ2020 ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ሥራው የቆመበት ፕሮግራመር ይህ ለምን እንደሚጠቅም ማብራሪያ አያሻውም።

እዚህ ላይ የድረ ገጹን ጥፋት ሳያነሡ ማለፍ አድልዎ ይሆናል። ለመጪው አንባቢ የታሰበው ሕግ አሁን ለሚጠይቀው ሰው ጨካኝ ነው። ጥያቄ ቀድሞ ተጠይቋል ተብሎ ይዘጋል። ለመዝጋት ከ2019 ጀምሮ ሦስት ድምፅ ይበቃል። በአንድ ታግ የወርቅ ባጅ ያለው ሰው ደግሞ ብቻውን፣ በአንድ ጠቅታ፣ ጥያቄውን ድጋሚ ነው ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ከንድፈ ሐሳቡ አንጻር የተዘጋው ጥያቄ እንደ መንገድ አመላካች ይቀራል፤ በሌላ ቃል የፈለገ ሰው በእሱ በኩል ወደ ዋናው መልስ ይደርሳል። ይህ ትክክል ነው። ግን የመጀመሪያ ጥያቄው የተዘጋበት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚሰማው መባረር ነው። በ2018 ኩባንያው ራሱ ድረ ገጹ ለአዳዲስ ሰዎችና ለብዙ ወገኖች እንግዳ ተቀባይ እንዳልሆነ በአደባባይ አምኗል። ካመነ በኋላ ጠባዩ በጣም ተለወጠ ብዬ አልከራከርም።

ለአማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ሌላ መሰናክል አለበት። ዋናው ገጽ የሚቀበለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ፖርቱጋልኛ፣ ሩስኛ፣ ስፓንኛና ጃፓንኛ የየራሳቸው ስታክ ኦቨርፍሎው አላቸው። የእኛ ሰው የሚጠይቀው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። እዚያ ቶሎ ይመለስለታል፣ በቋንቋው ይመለስለታል፣ ማንም አይዘጋበትም። ግን መልሱ እዚያው ይሰምጣል። ለምሳሌ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ውሰዱ። ጃቫ ከመደበኛ የቀን መሣሪያው ጋር የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር አካቷል፤ የእኛ የለበትም። የኛን የፈለገ ጆዳ ታይምን ወይም ስሪተን ኤክስትራ የሚባለውን ተጨማሪ ላይብረሪ ማምጣት አለበት። ጃቫስክሪፕት በአንጻሩ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማሳየት አቅም ከብራውዘሩ ጋር ይዞ ይመጣል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ስትሆን የሚሳሳት፣ ሰዓቱን ከንጋት የማይቆጥር፣ በእጅ የተጻፈ የቀን መቀየሪያ ኮድ ስንት ቢሮ ውስጥ እየሠራ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ያን ጥያቄ በደንብ ጽፎ፣ መልሱን ከነፈተናው አብሮ የለጠፈ አንድ ሰው ለስንቱ ድካም ባዳነ ነበር።

አሁን ወደ ቅዝቃዜው። ድረ ገጹ በ2021 ለፕሮሰስ ኩባንያ በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ በወር ከመቶ ሺህ በላይ አዲስ ጥያቄ ይቀርብበት ነበር። መቀዛቀዙ ከዚያ በፊት የጀመረ ቢሆንም በኖቬምበር 2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ሲወጣ ቁልቁለቱ ገደል ሆነ። ድረ ገጹ በቀናት ውስጥ በቻትጂፒቲ የተጻፈ መልስ ከለከለ፤ ምክንያቱ መልሶቹ ትክክል መስለው ስህተት መሆናቸው ነበር። በጁን 2023 በጎ ፈቃደኛ አወያዮች ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ነው ብለው ከሚጠረጥሩት መልስ ላይ እጃቸውን እንዲያነሡ በማዘዙ ተቆጥተው ነበር። በዚያው ሰሞን ለዓመታት ሲለቀቅ የኖረው ክምችት ድንገት ቆመ፤ በጩኸት ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኩባንያው ከሠራተኞቹ 28 በመቶውን አሰናበተ። በሜይ 2024 ከቻትጂፒቲ ሠሪው ከኦፕንኤአይ ጋር ስምምነት ሲፈርም የተናደዱ ተጠቃሚዎች የገዛ መልሶቻቸውን ለማጥፋት ሞከሩ። የተመረጠ መልስን ጸሐፊው ራሱ እንዲሰርዘው ሲስተሙ አይፈቅድም። ጽሑፉን ያበላሹትንም አወያዮች በእርማት ታሪኩ አማካይነት ወደነበረበት መለሱትና ሰዎቹን ለጊዜው አገዱ። እውቀትን ለመጠበቅ የተሠራው መሣሪያ እውቀቱን በጻፉት ሰዎች ላይ ዞረ። በፈቃዱ መሠረት ኩባንያው ትክክል ነበር። ያለ ክፍያ አሥር ዓመት የጻፈ ሰው ቅሬታም ግን ትክክል ነበር።

ሰዎች ወደ ማሽኑ የሄዱበት ምክንያት ይገባኛል። አይሳደብም፣ አይዘጋም፣ በአማርኛም ይመልሳል። የማይሠራው አንድ ነገር አለ። ማሽኑ የ999,999 ባይትን ዓይነት ስህተት ሲሳሳት ያንተ ጭውውት ውስጥ ብቻ ይሳሳታል፤ ብታርመውም እርማትህ ለሌላው ጠያቂ አይታይም። ሥሩ የሚጻፍ የሦስተኛ ሰው ተቃውሞ የለም፣ በ2019 የተጨመረ ማስታወሻ የለም፣ ሃያ ደግፈው አሥራ ሰባት እንደተቃወሙት የሚነግር ቁጥር የለም። ማሽኑ ራሱ የተማረው ከእነዚህ ክርክሮች ነው። አዲስ ጥያቄ በአደባባይ ካልቀረበ አዲስ ክርክር አይጻፍም፤ ከ2023 በኋላ የወጣ ላይብረሪ ላይ ያለ ችግር በማን ተፈትኖ እንደሚታወቅ ግልጽ አይደለም። እኔ ስታክ ኦቨርፍሎው እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ አላምንም። የጥያቄው ብዛት መቀነሱም ብቻውን አያሳዝነኝም፤ ከተዘጉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ በእርግጥም ድጋሚ ነበሩ። የሚያሳስበኝ ከባዱና አዲሱ ጥያቄ ከተራው ጋር አብሮ ወደ ግል ጭውውት መግባቱ ነው።

ስለዚህ ለአንባቢ ፕሮግራመሮች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከማሽኑ ጋር ታግላችሁ፣ ሰነድ አንብባችሁ፣ ፈትናችሁ የፈታችሁት ችግር ካለ፣ በተለይ የእኛን ፊደል፣ የእኛን ቀን አቆጣጠር፣ የእኛን የክፍያ ሲስተም የነካ ከሆነ፣ ጥያቄውንና መልሱን አብራችሁ ለጥፉት። በእንግሊዝኛ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ፣ በአማርኛ ደግሞ የፍለጋ ሞተር በሚያገኘው በማንኛውም ግልጽ ገጽ ላይ። ኮዱ የተፈተነበትን ቀንና የላይብረሪውን ቁጥር መጻፍ አትርሱ፤ ስህተት ሲነገራችሁም ተመልሳችሁ አርሙት።